በአጭር ገመድ የተለካ ጉድጓድ

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። መጽሐፌ ጥሩ ነው ወይስ እናቴ ስለሆንሽ ነው የምታወድሺው?»

ልጄ ትርሲት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ። መድኃኒት ቤት እየሠራች በአምስት ዓመት የጻፈችው ነው። ከስድስት መቶ ገጽ በላይ ነው፤ የሚራመድ ተራራ፣ እርስ በርስ የሚዋጉ ነገሥታት፣ እሳት የሚጠጡ ወፎች ያሉበት ረጅም የምናብ ታሪክ። አሳታሚዎች «እንዲህ ያለውን በእኛ አገር ማን ያነበዋል?» ብለው ሲመልሷት ራሷ አሳተመችው። እኔም መጽሐፉን በነጠላዬ ጠቅልዬ እየያዝኩ፣ በማኅበራችን ያላሳየሁት ሰው የለም። ሁሉም ሽፋኑን እያዩ መረቋት። የአጎቷ ልጅ ግን ሁለት ገጽ ገለጠና «ተረት ነው» ብሎ አስቀመጠው።

«ሁለተኛውን ክፍል ልጀምር ወይስ እዚሁ ላቁመው? አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው» አለችኝ።

የእኔ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ለመፍረድ ፈራሁ። ስለዚህ ይህን ነገርኳት።

አንድ ገበሬ ነበረ። አገሩ ቆላ ነው፣ ውሃ ይቸግራል። የመንደሩ አሮጌ ጉድጓድ ውሃው በየዓመቱ እየቀነሰ ሄደ። ገበሬው ከማሳው ዳር አንድ ቦታ መርጦ ሊቆፍር ሲነሣ፣ ሥራቸው ጉድጓድ መቆፈር የሆነ ሰዎች መጥተው አዩና «እዚህ ውሃ የለም፤ በከንቱ አትልፋ» አሉት። እሱ ግን ልቡ አላረፈለትም። ከእርሻ በተመለሰ ቁጥር እየቆፈረ ሦስት ዓመት ፈጀ። ሠላሳ ክንድ ሲወርድ እግሩ ራሰ። ፈጣሪውን አመሰገነ፣ የጉድጓዱን አፍ በጥርብ ድንጋይ ከበበ፣ መንደሩንም ጠራ።

በዚያ አገር ሰው ውሃ የሚቀዳው በገዛ ገመዱ ነው። የየቤቱ ገመድ ደግሞ የተቆረጠው በአሮጌው ጉድጓድ ልክ ነው፤ እሱም አሥራ ሁለት ክንድ ነው። መጡ፣ ገመዳቸውን ለቀቁ፣ ባልዲው ደርቆ ወጣ።

«ገመዳችሁ አጭር ነው» አላቸው።

«አባቶቻችን የቀዱበት ገመድ ነው» አሉት።

በራሱ ገመድ ቀድቶ ቢያሳያቸው «ጠዋት ከወንዝ አምጥተህ ጨምረህበት ይሆናል» ብለው ሳቁ። ጨዋዎቹ ደግሞ ድንጋዩን በእጃቸው እየዳበሱ «አፉስ ያምራል፤ ጎበዝ ነህ» አሉትና ወደየቤታቸው ሄዱ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ልጅ ወይም ፍየል ሳይገባበት እስከ ሰንበት ድፈነው» አሉት።

ሰውየውም መጠራጠር ጀመረ። ከጉድጓዱ እየቀዳ ይቀምሳል፤ ብዙ ጊዜ ስለቀመሰው ጣፋጭ ይሁን መራራ መለየት አቃተው። በዋዜማው አፈሩን ወደ ጉድጓዱ አፍ አስጠጋና አካፋውን አነሣ። ሰዉም ሲደፍን ለማየት ቆሟል።

ያን ጊዜ አንዲት ሴት ባልዲዋን ይዛ መጣች። ቤቷ ሰው የበዛበት ነው፤ ውሃ ከሁሉ ይልቅ ይጠማታል። ገመዷን ለቀቀች፣ አልደረሰላትም። ባልዲዋን አንሥታ ተመልሳ ሄደች። «እሷም ሄደች» አለ አንዱ። ሴትየዋ ግን የላሟን ማሰሪያ ፈታች፤ የአህያዋን መጫኛ ከኮርቻው ላይ ነቀለች። ሁለቱን ከገመዷ ጋር ቋጥራ ተመለሰችና ለቀቀችው። ባልዲው ከታች ውሃውን ሲመታ ሁሉም ሰማ።

ስባ አወጣችና ጠጣች። ውሃውን አፏ ውስጥ ትንሽ አቆየችው።

«ውሃህ ጣፋጭ ነው» አለችው። «ግን አፈር አፈር ይላል። ከሥር ግድግዳው እየተናደብህ ነው፤ ወርደህ ድንጋይ ደርድርበት።»

ከቆሙት መካከል «ይህን ሁሉ ለፍቶ ደግሞ እንከን ታወጣለታለች እንዴ!» ያሉ ነበሩ። እሱ ግን ፊቱ በራ። አካፋውን ጣለ፣ የገመዷን ቋጠሮ በእጁ ይዞ አየው፤ ከዚያ ልብሱን አውልቆ ድንጋይ ሊደረድር ወረደ።

ይህን ነግሬ ወደ ልጄ ዞርኩ።

«ትርሲትዬ፣ ገበሬው አንቺ ነሽ፤ ጉድጓዱም መጽሐፍሽ። ሽፋኑን ያደነቁልሽ ድንጋዩን ዳብሰው የሄዱት ናቸው። የአጎትሽ ልጅ ባልዲው ደርቆ የወጣበት ነው። አንዳቸውንም አትቀየሚ፤ ክፋት አይደለም፣ ገመዳቸው ነው ያልደረሰው። እንደዚያች ሴት ገመዱን ቀጥሎ እታች የደረሰ ሰው ሲመጣ ግን እሱን ስሚው። ጭቃ አለበት ቢልሽም ውሃውን የጠጣ እሱ ነው።»

«አንቺስ እታች ደርሰሻል?» አለችኝ።

ፊቴን ላዞር አሰብኩ፤ ግን ልጄ እውነቱን ንገሪኝ ብላኛለች።

«ገጽ አርባ ላይ ቆምኩ» አልኳት። «ነገሥታቱ ተምታቱብኝ። ለማኅበሩ ሳሳይ የነበረው ድንጋዩን ነው። ኮርቼብሻለሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ግን ገመዴ አርባ ገጽ ነው።»

«ከአጎቴ ልጅ በሠላሳ ስምንት ትበልጫለሽ» አለችና ሳቀች። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ዳዊቴን ደግሜ እንደጨረስኩ መጽሐፏን አነሣሁና እንደገና ከአንደኛው ገጽ ጀመርኩ። አንድ አሮጌ ደብተሯን ከጎኔ ዘረጋሁ። በጣቴ መስመሩን እየተከተልኩ፣ አንድ ንጉሥ በመጣ ቁጥር ስሙን፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ በስንተኛው ገጽ እንደመጣ ጻፍኩ። ደብተሩ እየያዘልኝ ነገሥታቱ መለያየት ጀመሩ። ተራራው ጀርባው ላይ ያሉት ጎጆዎች እንዳይፈርሱበት ብሎ ቀስ እያለ የሚራመድበት ቦታ ስደርስ ሻዬ ቀዘቀዘ። አርባን አለፍኩ። ገጽ አርባ ስድስት ላይ ግን ቆም አልኩና ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ።

ክፍሏ ገብቼ ቀሰቀስኳት።

«ትርሲት፣ ተራራው ልቤን ወስዶታል። ግን ንጉሥ ዶርማን ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ተቀብሯል፤ ገጽ አርባ ስድስት ላይ ደግሞ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ከሞት ተነሥቶ ነው ወይስ ረሳሽው?»

ብርድ ልብሱን ከፊቷ ገፍፋ ተነሥታ ተቀመጠች።

«ስንተኛው ገጽ አልሽኝ?»

ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጌ እስክሪብቶውን አቀበልኳት።