የአንዲት ላም መንገድ

አንድ ሰው ነበረ። ላሙ አንዲት ነበረች፤ ቤቱ ከተራራ ሥር ነበረ፤ ተራራው ደግሞ የአገሬው ሁሉ ነበረ።

የይታያል አባት፣ ይሄን ሰውዬ ያመጣሁት ለጥያቄህ ነው። ከሰሊጥ እርሻው ሆነህ «ሁሉም ከብቱን ወደ ክልክሉ ተራራ እያስገባ አንቺ ብቻ ላሟን ለምን ደጅ ታስሪያታለሽ፣ አንዲት ላም ተራራ ትጨርሳለች ወይ» ብለህ ጽፈህልኛል። ታግሰህ ስማኝ።

ተራራው ተራቁቶ ነበረና አገሬው ተማክሮ ከለከለው። ሣሩ እስኪያገግም ከብት አይግባበት፣ የፈለገ በተራው አጭዶ ይሸከም ተባለ። ጠባቂም ቆመ። ሰውዬው እሺ ካሉት አንዱ ነበረ። ኋላ ግን የላሚቱ ወተት ቀነሰ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ሕፃን አለ። ማጨድ ያደክማል፤ ተራውም ቶሎ አይደርስም።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ ጠንቃቃ ነበረ እንጂ። ሣሩ በሰፊው ተረግጦ እንዳይታወቅበት ብሎ ላሚቱን በአንድ መስመር ብቻ ይነዳት ጀመር፤ ከደጁ ተነስቶ በቀጥታ ሽቅብ። ጠባቂው ምሳውን ሲጀምር ያስገባታል፣ ሳይጨርስ ያወጣታል። ሁልጊዜ በዚያችው መንገድ። ሣሩ ከግራም ከቀኝም እንደቆመ ነው፤ መሐሉ ግን እንደ ክር ተላጠ። ከዚያ ደረቀ፣ ከዚያ ጎደጎደ። ጎረቤቱ አየና በሳምንቱ የራሱን ሦስት ከብቶች በዚያው ነዳ። «እኔ አዲስ መንገድ አላወጣሁም» ይል ነበረ አሉ።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ተራራው ላይ ወርዶ መውረጃ ሲፈልግ መንገዱ ተጠርጎ ጠበቀው። ሰውዬው ቁርሱን እየበላ ሳለ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ሲወጣ ጓሮው ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ጎርፉ በረቱን ወስዶታል። ከታች ጭቃው ውስጥ የላሚቱ ቀንድ ብቻ ይታያል።

አገሬው ድንጋይ ተሸክሞ መጣ፤ ጎርፉ የቀደደው ቦረቦር ነገ የሌላውንም ቤት ይወስዳልና። ማን አመጣው ብሎ የጠየቀ የለም። መንገዱ ከሰውዬው ደጅ እስከ ተራራው ተሰምሮ ይታያል። አንዲት ባልቴት ብቻ ድንጋያቸውን ከትከሻቸው አውርደው «አንተ ልጅ፣ በአንዲት ላም ይሄን ካረስህ፣ ጥማድ በሬ ቢኖርህማ አገሩን ገልብጠኸው ነበር» አሉት። ሰው ሳቀ። እሱም ሊስቅ ሞክሮ አቃተው።

እንግዲህ የይታያል አባት፣ ያ ሰውዬ እኔ ነኝ፤ ዝናቡ ገና አልመጣብኝም እንጂ። አልነገርኩህም፣ አምስት ቀን አስገብቼያት ነበር። ልጁ ወተት ወተት ሲል አላስችል አለኝ። በስድስተኛው ቀን ውሃ ቀድቼ ስመለስ ቀና ብል፣ ከደጃችን እስከ ክልክሉ ድረስ ሣሩ ተኝቶ እንደ ክር ይታያል። ያን ጊዜ ነው ያሰርኳት። ክሩ ላይ ድንጋይ ደርድሬበታለሁ፤ ይብቃው አይብቃው እንጃ። የማጨድ ተራዬ አርብ ነው። እስከዚያ ልጁ ያለቅሳል፣ ደመናውም ተራራው ላይ እየጠቆረ ያጉረመርማል፤ እኔ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አዳምጣለሁ። አንተ ግን አንዲት ላም ናት አትበለኝ። ጎርፍም የሚፈልገው አንድ መንገድ ነው።