ፈላስፋውና ያንቀላፋችው ወጥ ቤት

«እዚያ ቤት የምትቀጠሪው በእጅሽ ብቻ ሳይሆን በጆሮሽም ነው» ብላት ነበር እናቷ፣ በልጅነቷ ወጥ ቤት ሆና ስትገባ። እውነትም፣ ልብ ወለድም ፍልስፍናም የሚጽፈው ፈረንሳዊው ጌታዋ፣ ምሳ በተበላ ቁጥር አዲስ የጻፈውን ለእንግዶቹ ሲያነብ እሷን ፊት ለፊቱ ያስቀምጣታል። «ለእሷ ከገባት ለዓለም ሁሉ ይገባል» ይላል።

አንድ ቀን ስለ ሰው ነጻነት የጻፈውን ሲያነብ አንኮራፋች። ጌታው ደሙ ፈላ።

«አንቺ! ምን እንዳነበብኩ ንገሪኝ፤ ካላወቅሽ ዛሬውኑ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ውጪ!»

«ሰው ነጻ ነው፣ የፈቀደውን ያድርግ ሲሉ ሰማሁ፣ ጌታዬ» አለች ዓይኗን እያሸች። «እኔም አምኜዎት ተኛሁ። ይልቅ እንቅልፋቸውን እየታገሉ የተቀመጡትን እነዚህን እንግዶች ይቆጧቸው፤ ያላመኑዎት እነሱ ናቸው።»

ይህን ብላ ሽርጧን ጠቅልላ ትራስ አደረገችና ዓይኗን መልሳ ከደነች።