ብቻውን የማይገባው መድኃኒት

የምርምር ተቋሙ ዋና ዳይሬክተር አቶ ምንይችል ሰውን በሰው ፊት ማዋረድ ይወዱ ነበር። አንድ ቀን ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስበው አንዲት የመድኃኒት ተመራማሪ አስቆሙ። ሴትየዋ የካላዛር ሕመምተኞች በየቀኑ መርፌ ከመወጋት እንዲገላገሉ፣ የሚዋጥ ክኒን ለመሥራት ዓመታት የለፋች ናት።

«ይሄ መድኃኒትሽ ሲዋጥ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም አሉ፤ እውነት ነው?» አሏት።

«ብቻውን አይገባም» አለች። «ስለዚህ የሚያሳልፈው ሌላ ነገር ለጠፍንበት። ወደ ደም ከገባ በኋላ ሰውነት ራሱ ያንን ተለጣፊ ቆርጦ ይጥለዋል፤ መድኃኒቱም በሽታውን መዋጋት ይጀምራል።»

አቶ ምንይችል ወደ ተሰብሳቢው ዞረው ሳቁ።

«በራሱ ችሎታ መግባት አቅቶት ተለጥፎ የሚገባ ነገር ምን ይረባል? በሉ፣ ይሄ ምርምር ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋ!»

«ጌታዬ፣ እርስዎም እኮ እዚህ ቢሮ የገቡት የሚኒስትሩን እህት አግብተው፣ በአማችነት ተለጥፈው ነው» አለች ተመራማሪዋ።

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት።

«አንቺ ደፋር! እኔን ከክኒን ጋር ልታመሳስዪኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም!» አለች ሴትየዋ። «ክኒኑ እኮ ከገባ በኋላ ይሠራል።»