መራራውን ውሃ የቀዳው እንግዳ

ጠጋ በሉ ልጆች፤ አንድ ጊዜ ነው የምናገረው።

በድሮ ዘመን፣ ዝናብ በረሳው በረሃ፣ በአንድ የጨው ሐይቅ ዳር ሁመድ የሚባል ግመል አርቢ ነበር። ቃሉ ጥቂት ነው፤ ዓይኑ ግን ብዙ ያያል። ጨቅላ ልጁ እናቷ ሞታባት በግመል ወተት ታድግ ነበር።

አንድ ቀን ቡሽራ የሚባል ነጋዴ መጣ። ምላሱ ማር፣ ሆዱ ጉድጓድ።

«ከሐይቁ ሥር ያለውን መራራ ውሃ ብቻ ስጡኝ» አለ። «በፀሐይ አድርቄ ነጭ ዱቄቱን እወስዳለሁ። ከተማ ውስጥ እሳት ያጠራቅሙበታል፤ በውድ ይገዙኛል።»

ሰዎቹ ሳቁ። «ግመል እንኳ የማይጠጣውን? ውሰደው! ከቻልክ ሐይቁንም ጨምረህ ተሸከመው!»

ሁመድ አልሳቀም።

ቡሽራ ምድሩን ቆፍሮ መራራውን ቀዳ፣ አደረቀ፣ ጫነ። ቀዳ፣ አደረቀ፣ ጫነ። በሐይቁ ዳር ያለው የጣፋጭ ውሃ ጉድጓድ ውሃው ወረደ። ገመድ ቀጠሉ። ወረደ። ደግሞ ቀጠሉ። ደግሞ ወረደ።

«ቡሽራ፣ ውሃችን ሸሸ» አለ ሁመድ።

«ፀሐይዋ ናት፣ ወንድሜ! እኔ የምጠጣው መች አጣሁ?»

አላጣም። በአገሩ ወግ እንግዳ ቀድሞ ይጠጣል፤ ባለቤት መጨረሻ። ቡሽራና ሠራተኞቹ ጥሩውን ሲቀዱ፣ የሁመድ ግመል ጭቃ ትልስ ነበር። አንድ ጠዋት ጡቷ ነጠፈ። ልጅቱ አለቀሰች። ከዚያ ማልቀሱንም ተወችው።

ሁመድ ሄዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ። ቡሽራ አቁማዳውን ይዞ መጣ።

«ተመለስ» አለው ሁመድ።

«እንግዳ አይደለሁም እንዴ?»

«እንግዳ ምድር አይቆፍርም። የቆፈረ ባለቤት ነው። ባለቤት መጨረሻ ይጠጣል።»

ውሃ ሊቀዱ የመጡት ሽማግሌዎች ተያዩ። «ወጉ ይኸው ነው» አሉ።

ልጆች ጠጡ። ግመሎች ጠጡ። ፍየሎች ጠጡ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። የቡሽራ ተራ ሲደርስ መቅጃው ጭቃ ይዞ ወጣ። ደግሞ ጣለው፤ ጭቃ። ደግሞ ጣለው፤ ደረቅ አሸዋ።

«ሁመድ፣ ልሞትብህ ነው!»

«ያ ሁሉ ዱቄት አለህ። እሱን ጠጣ።»

ቡሽራ ነጩን ክምር አየ። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። «ዐውቅ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «መራራው ሲቀዳ ጣፋጩ ተከትሎት ይሰርጋል። ዐውቅ ነበር! ዛሬውኑ እተዋለሁ!»

ሁመድ ለግመሏ ቀድቶ ካስቀመጠው ድርሻ አንድ ጉንጭ ሰጠው። አንድ ብቻ። ቀሪውን ለግመሏ መለሰ።

ማታ ጡቷ ጥቂት ወተት አወረደ፤ ልጅቱም ዓይኗን ገለጠች። ቡሽራ ባዶ አህዮቹን እየነዳ ሄደ። የጉድጓዱ ውሃ ዘግይቶ ተመለሰ፤ እንደ ድሮው ግን ከፍ አላለም።

እንግዲህ ልጆች፣ የማትጠጡትን ውሃ አትናቁ፤ የምትጠጡትን ደግፎ የያዘው እሱ ነው። ተረቴ አለቀ፤ ውሃው እንዳያልቅ ጠብቁት።