ጃርት ያሰናዳው ጨዋታ

ተቀመጡ። የምነግራችሁ አጭር ነው።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ አጥንቱም ድንጋዩም ሲናገር፣ ከወንዝ ወዲህ አንድ ጃርት ይኖር ነበር። ጃርት ከወንዝ ማዶ ሦስት ወዳጆች ነበሩት፤ ድኩላ፣ ሽኮኮና ቆቅ። ክረምት ወጥቶ ወንዙ ሲጎድል ሦስቱ ተሻግረው ይመጣሉ። ጃርት ደጅ ተሰብስበው ሰው የመሆን ጨዋታ ይጫወታሉ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ቆቅ ሙሽራ ትሆናለች። ድኩላ ሚዜ ይሆናል። ሽኮኮ ሽማግሌ ይሆናል። ሙሽራይቱን ወደ ሙሽራው ቤት ይወስዷታል። ጃርት መንገዱን መሬት ላይ ይሥላል። ሽፍታው እሱ ነው፣ በር ጠባቂው እሱ ነው፣ ወንዙም እሱ ነው። «እዚህ ደረሳችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱ ያሰቡትን ይናገራሉ። ከዚያ የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንት ይጣላል። አጥንቱ በሆዱ ከተኛ ያሉት ይሆናል። በጀርባው ከተኛ አይሆንም።

አንድ ዓመት ነብር መጣና መሻገሪያው ላይ ተቀመጠ። ማንም አልተሻገረም። በሁለተኛውም ዓመት አልተሻገረም። በሦስተኛውም አልተሻገረም።

ጃርት ያን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ተጫወተ። «ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ድምፁን ወፈር አድርጎ እንደ ድኩላ ይመልሳል። ጉሮሮውን ጠርጎ እንደ ሽኮኮ ይመልሳል። ቀጠን አድርጎ እንደ ቆቅ ይመልሳል። ዘወር ሲል ማንም የለም። ጃርት አጥንት ሲያገኝ ይቆረጥማል፤ ያንን አጥንት ግን በራብ ጊዜ እንኳ ጥርሱን አላሳረፈበትም።

በአራተኛው ዓመት ነብሩ አገር ለቀቀ። ጃርት እርግብን ላከ። እርግብ ሦስት መልስ ይዛ ተመለሰች። ሽኮኮ አርጅቻለሁ፣ ቢሆንም እሞክራለሁ ብሏል። ቆቅ ልጆቼን የሚጠብቅልኝ ካገኘሁ እመጣለሁ ብላለች። ድኩላ ግን መንገዱ ሩቅ ነው፣ አንድ ቀን እመጣለሁ፣ ጨዋታው እንደ ድሮው ከሆነ እመላለሳለሁ፣ ካልሆነ ከእንግዲህ አትጠብቀኝ ብሏል።

ጃርት ይህችን ቃል ይዞ ሦስት ቀን ተሰናዳ። በመጀመሪያው ቀን ደጁን ደለደለ፤ ከጀርባው አንድ እሾህ ነቅሎ መንገዱን ሣለ። በሁለተኛው ቀን ጓል ከምሮ ተራራ ሠራ፤ ቦይ ቆፍሮ ወንዝ አደረገ፤ ሣር ጎንጉኖ የሙሽራውን ቤት አቆመ፤ በሦስቱ ወዳጆቹ ቦታ የሚቆሙ ሦስት ጠጠሮች መረጠ። በሦስተኛው ቀን እያንዳንዳቸው የሚሉትን ወሰነ። ሽፍታው ሲመጣ ድኩላ ይዋጋል። በር ጠባቂውን ሽኮኮ ይለምናል። ወንዙ ዳር ቆቅ ትፈራለች፣ ድኩላ ያዝላታል፣ ሁሉም በደህና ቤት ይገባሉ።

ከዚያ የግራር ሙጫ አመጣና በአጥንቱ ሆድ ላይ ለጠፈ።

አጥንቱ፣ «ምን እያደረግህብኝ ነው?» አለው።

«ሁልጊዜ በሆድህ እንድትተኛ ነው።»

«እንዳሻኝ ካልወደቅሁ ለምን ትጥለኛለህ?»

«አንተ ካበላሸህብኝ ድኩላ አይመለስም» አለው ጃርት። «ዝም በል።»



በቀጠሮው ቀን ረፋድ ላይ ሦስቱም መጡ። የሽኮኮ ጢም ነጥቷል። የድኩላ አንዱ ቀንድ ተሰብሯል። ጃርት ቀንድህን ምን አገኘው ሊል ፈለገ፤ ግን ጊዜው እንዳያልቅ ብሎ ወደ ጨዋታው ገባ።

ሽፍታው መጣ። ሽኮኮ ጋቢዬን ልስጠውና ያሳልፈን አለ። ጃርት አይሆንም፣ ድኩላ ነው የሚዋጋው አለ። አጥንቱ በሆዱ ተኛ፤ ሽፍታው ሸሸ። በሩ ጋ ደረሱ። ድኩላ አጥሩን ልዝለል አለ። ጃርት አይሆንም፣ ሽኮኮ ነው የሚለምነው አለ። አጥንቱ በሆዱ ተኛ፤ በሩ ተከፈተ። ወንዙ ዳር ደረሱ። ቆቅ አፏን ሳትከፍት ጃርት ድምፁን አቀጠነና፣ «ወይ ጉዴ፣ ውሃው ሊወስደኝ ነው» አለላት።

ሽኮኮ አዛጋ። ድኩላ ፀሐይቱን አየና ተነሣ።

«አያ ጃርት፣ የእኔንም የእነሱንም አንተው ከጨረስኸው፣ ይህን ሁሉ መንገድ ለምን አስመጣኸኝ?»

ሽኮኮም፣ «እኔስ ለማንቀላፋቱ ቤቴ ምን ጎደለኝ፤ ቢያንስ እግሬ ውሃ አይነካም ነበር» አለ።

የጃርት እሾህ ሁሉ ተኛ። «ሦስት ዓመት እናንተን ሆኜ ስመልስ ኖርሁ» አለ። «ለመድሁት። ዛሬ ደግሞ ጨዋታው ቢበላሽ አትመለሱም ብዬ ፈራሁ።»

ማንም አልሳቀም። ቆቅ ጠጋ አለችው።

«ወንዙ ዳር እኔን ስትሆን ምን ትል ነበር?»

«እፈራለሁ እል ነበር።»

«ያኔ እፈራ ነበር» አለች ቆቅ። «ነብር ባለበት ማዶ ስምንት ጫጩት አሳድጌያለሁ፣ አያ ጃርት። አሁን እኔን ጠይቀኝ።»

ጃርት ሙጫውን በጥርሱ ፋቀ። አጥንቱ እፎይ አለ።

«እመት ቆቅ፣ ወንዙ ዳር ደረስሽ። ምን ታደርጊያለሽ?»

«ቀሚሴን ሰብስቤ እሻገራለሁ። ማንም አያዝለኝም።»

አጥንቱ ተጣለ። በጀርባው ተኛ።

«ውሃው ወሰደሽ» አለ ጃርት። በቃ፣ አሁን ይሄዳሉ ብሎ አሰበ።

ድኩላ ግን ተመልሶ ተቀመጠ። ተከትያት እገባለሁ አለ። አጥንቱ በጀርባው ተኛ፤ ድኩላንም ውሃው ወሰደው። ሽኮኮ ሚዜ ተብሎ ወንዝ የሚጠጣ ዛሬ አየሁ አለና ጥምጥሙን ፈትቶ ወረወረላቸው። አጥንቱ በሆዱ ተኛ። ድኩላ ጥምጥሙን ይዞ ተጎተተና የዛፍ ሥር ጨበጠ፤ ቆቅ መሐል ወንዝ ላይ ካለ ድንጋይ ላይ ወጣች። እየተሳሳቁ፣ እየተነታረኩ ዋሉ። የሣሩን ቤት ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድኩላ መሄዳችን ነው አለ። ጃርት እሺ አለ። ጠጠሮቹን ሊሰበስብ እጁን ሲዘረጋ ቆቅ ከለከለችው።

«እዚያው ድንጋዩ ላይ ተወኝ። እኔ ሳልመጣ እንዳታወጣኝ።»

«እኔም ሥሩን ይዤ እቆያለሁ» አለ ድኩላ። «ጨረቃ ስትሞላ እንመጣለን።»

ተሻገሩ። ጃርት እስኪጠፉ ድረስ ቆሞ አያቸው።

በማግስቱ ጠዋት ቦዩ ዳር ቁጭ አለ። መሐል ላይ ያለችውን ጠጠር አየና፣ «ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ጠየቀ። ቀጭኑ ድምፅ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ዋጠው። ከዚያ ዝም ብሎ ወደ ማዶ ተመለከተ፤ ጨረቃዋ እስክትሞላ ቀኖቹን ሁሉ እንዲሁ አደረገ።

የናፈቃችሁት ሰው ሲመጣ መቀመጫውን አሰናዱለት፤ የሚናገረውን ግን ለራሱ ተዉለት። የእኔ ተረት ይኸው ነው። አሁን እናንተ ተናገሩ፤ እኔ እሰማለሁ።