በክር የታሰረ ሰፈፍ

አንድ ሰው ነበረ። ንብ አናቢ ነበረ።

ልጄ፣ «ጽንሱ በሚስቴ ማህፀን ከተቀመጠ በኋላ ባሉት ቀናት ምን እንጠብቅ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሐኪሙን ሐኪሙ ነግሯችኋል። እኔ የማውቀው የዚህን አናቢ ነገር ነው። ገሚሱን ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ፣ ገሚሱን በአጥር ማዶ ሆኜ አይቻለሁ። ጊዜው ስለራቀ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ላዛባ እችላለሁ፤ ከዘነጋሁትም አንዳንድ አይጠፋም። ዋናውን ግን አልስትም።

አናቢውና ሚስቱ ከተጋቡ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ልጅ ግን አላገኙም። ጠበሉም ተሞከረ፣ ሥሩም ቅጠሉም ተሞከረ። በመጨረሻ ትልቁ ከተማ ሄደው የእሷን እንቁላልና የእሱን ዘር ከማህፀን ውጭ የሚያገናኘውን ሕክምና ጀመሩ። መርፌው ብዙ ነበር፣ ምልልሱም ብዙ ነበር። ከዚያ ሁሉ ድካም የተገኘው ጽንስ አንድ ብቻ ሆነ። ሐኪሙ ያንኑ አንዱን በቀጭን ቱቦ ማህፀኗ ውስጥ አስቀመጠና «እኛ የምንችለውን አድርገናል» አላቸው። ሌላ የተቀመጠ ጽንስ አልነበራቸውም። እንደገና ለመጀመርም አቅሙ አልነበራቸውም።

ከመውጣታቸው በፊት ነርሷ አስቀምጣ መከረቻቸው። ደሟ የሚመረመረው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እርግጡን የሚናገር ምልክት የለም አለች። መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ እንዳታቋርጥ፣ ከባድ ነገር እንዳትሸከም፣ የቀረውን ግን እንደ ወትሮዋ እንድትኖር ነገረቻት።

«ብትራመጂ አይወድቅም፤ ብትስቂ አይወድቅም፤ ብታስነጥሺም አይወድቅም» አለች።

ሚስቲቱ ሳቀች። አናቢው አልሳቀም። ሐሳቡ ቀፎው ላይ ነበር።

ጽንሱን ለማስቀመጥ ወደ ከተማ ከመሄዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ መች የሚባለው ቢጫ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ አንድ መንጋ ንብ ከአሮጌው የጭቃ ቀፎ ወደ አዲሱ የሣጥን ቀፎ አዛውሮ ነበር። ይህ ሥራ እንዲህ ነው። እጭ ያለበት ሰፈፍ፣ ንቦቹ በሰም የሠሩት እንጀራ፣ ከአሮጌው ቀፎ እየተቆረጠ ይወጣና በእንጨት ፍሬም ላይ በክር ይታሰራል። ንቦቹ በራሳቸው ሰም ከእንጨቱ ጋር እስኪያጣብቁት ድረስ ያን ሰፈፍ የሚይዘው ክሩ ብቻ ነው። ስለዚህ አናቢ ሁለት ነገር ይጠነቀቃል። አንደኛ፣ ቀፎውን አይነቀንቅም። ሁለተኛ፣ ከጊዜው በፊት አይከፍትም።

አናቢያችን ከእነዚህ አንደኛውን ብቻ ይዞ ወደ ሚስቱ መጣ፤ ለእሷ የማያስፈልጋትን። የሚያስፈልጋትን ሁለተኛውን ረሳው።

ጥንቃቄው ገና መኪና ላይ ጀመረ። ሹፌሩ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር «ቀስ! ቀስ በል!» ይላል።

«ጋሼ፣ እንቁላል ነው እንዴ የጫኑት?» አለው ሹፌሩ።

«ከእንቁላልም ይብሳል! ዝም ብለህ ቀስ በል!»

ቤት ሲደርሱ አልጋ ላይ አስተኛት። ውሃውን እሱ ቀዳ፣ ወጡን እሱ ሠራ፤ ወጡ ምን ይመስል እንደነበር አልናገርም። ወደ ደጅ ስትወጣ ክንዷን ይዞ ይከተላታል። የሚስቲቱ እኅት ልትጠይቃት መጥታ ይህን ብታይ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«እሰይ፣ ቀፎ ሆነሽልኛላ! ማሩ መቼ ነው የሚቆረጠው?»

«እሱን ጠይቂው። ማጨሻውን ይዞ የሚመጣው እሱ ነው» አለች ሚስቲቱ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጡቷ አመማት፤ ሆዷ ተነፋ፤ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። አናቢው በደስታ መቀመጫ አጣ። «ይዟል! ይኸው ምልክቱ!» አለ። ሚስቲቱ ወደ ነርሷ ደወለች። ነርሷም፣ የምትወስደው መድኃኒት ራሱ ይህን ሁሉ ያመጣል፤ ጽንሱ ቢይዝም ባይይዝም ሊሰማት ይችላል፤ ከዚህ ተነሥቶ ምንም ማለት አይቻልም ብላ መለሰችላት። ይህ ለአናቢ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም ነበር። ቀፎ ደጅ ላይ ንብ ሲተራመስ ያየ ሁሉ ቤቱ ሞቋል ይላል፤ አንዳንዴ ግን የሚተራመሱት ማር ሊዘርፉ የመጡ የሌላ ቀፎ ንቦች ናቸው። አናቢው ይህን ያውቃል። ያን ቀን ግን ማወቁ አልጠቀመውም።

አንድ ጠዋት ሕመሙም፣ መነፋቱም፣ እንቅልፉም ጠፋ። ሚስቲቱ ቀለል ብሏት ተነሣች።

«ዛሬስ ጡትሽን ያምሻል?» አላት።

«አያመኝም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

ፊቱ ጠቆረ። ከቁርስ በኋላ ጠየቃት፤ ከምሳ በፊት ጠየቃት፤ ከምሳ በኋላም ጠየቃት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሚስቱ ደህና ነኝ ስትለው የሚያዝን ባል አንተን አየሁ» አለችው።

እሱ ግን ከነገሩ አልተመለሰም። በማግስቱ ገበያ ወርዶ ከመድኃኒት ቤት በሽንት የሚመረምረውን ነገር ገዝቶ መጣ። ሐኪሙ ለቀጠረው ቀን ገና ብዙ ይቀር ነበር። ሚስቲቱ አይሆንም ብትለው ለመናት፤ ሲለምናት ውሎ ቢያሳዝናት እሺ አለችው። የወጣው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ የለም ማለት ነው። ያን ያህል ቀደም ብሎ የታየ «የለም» እርግጥ እንዳልሆነ ነርሷ አስቀድማ ነግራቸዋለች። አናቢው ግን ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

«በቃ» አለ። «በቃ፣ ይህን መድኃኒት ተዪው። በከንቱ ሰውነትሽን አታሠቃዪ።»

ልጄ፣ እዚህ ላይ ልብ በል። ያ አንዱ ጽንስ፣ ኖሮ ከሆነ፣ በዚያች ቃል ሊጠፋ ይችል ነበር። የሚደግፈው መድኃኒቱ ነውና።

ሚስቲቱ ነጠላዋን አደረገችና ብቻዋን ወደ ጓሮ ወጣች። እሱም «ቀስ! ቀስ በዪ!» እያለ ተከተላት። ቀጥ ብላ አዲሱ ቀፎ ዘንድ ሄደችና እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ አናቢው።

«ልከፍተው።»

«ለምን?»

«ሰፈፉ መያዙን ላይ።»

«ኧረ በፈጠረሽ! ገና አልያዘም ይሆናል! አሁን ከከፈትሽው የታሰረው ይወድቃል፣ ንቦቹም ጥለው ይኮበልላሉ!»

«ካልተከፈተ መያዙን በምን ታውቃለህ?»

«አላውቅማ!»

«ሳታውቅ ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

«የስኳር ውሃ አቀርብላቸዋለሁ። ጉንዳን እንዳይገባባቸው ከሥር አመድ አደርጋለሁ። ቀኑ እስኪደርስ እጠብቃለሁ። ከዚህ ሌላ ምን አለኝ?»

ሚስቲቱ እጇን ከክዳኑ ላይ አላነሣችም። ንቦች በራሷ ዙሪያ ይበሩ ነበር፤ እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ይህን ታውቃለህ» አለችው። «እኔን ግን በቀን ስንት ጊዜ ትከፍተኛለህ?»

አናቢው ቀረብ ብሎ እጇን ከክዳኑ ላይ በቀስታ አነሣና በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ከዚያ ወደ ቤት ገባ። ሊያስጥላት የነበረውን መድኃኒት ከነውሃው አልጋዋ አጠገብ ራሱ አስቀመጠ። ከገዛው የቀረውን መመርመሪያ ወስዶ ምድጃ ውስጥ ጨመረው። የቤቱንም በር ወለል አድርጎ ከፈተና «ውጪ፤ እኅትሽ ዘንድ ሄደሽ ተጫወቺ» አላት።

ከዚያ ወዲህ «ምን ተሰማሽ?» ማለቱን ተወ። «ምን ልሥራልሽ?» ይላል። እሷም ወጥ መሥራቱን እንዲተውላት ለመነችው።

ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቲቱ ከመጸዳጃ ቤት ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ጥቂት ደም አይታለች። ያን ጊዜ የተሸበረችው እሷ ነበረች።

«አለቀ መሰለኝ» አለችው።

አናቢው ግን ደፉ ላይ አልተቀመጠም። ስልኩን አንሥቶ ወደ ነርሷ ደወለና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚስቱ ነገራት። ነርሷ ያለችው ይህ ነው። እንዲህ ያለ ጥቂት ደም ጽንሱ ሲጣበቅ ሊታይ ይችላል፤ ከመድኃኒቱም ሊመጣ ይችላል፤ ሳይይዝ ቀርቶም ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኖ የሚያውቅ የለም። መድኃኒቱን እንዳታቆም። ደሙ በብዛት ከፈሰሰ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ ትኩሳት ከያዛት፣ ወይም ሆዷ አብጦ ትንፋሽ ካጠራት ግን የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቁ እንዲመጡ።

«እና መልካም ነው ክፉ?» አለች ሚስቲቱ።

ቀድሞ ቢሆን አንዱን ይላት ነበር። ያን ቀን ግን እንዲህ አላት፦

«ጉንዳን ታይቷል። ቀፎ ውስጥ ይግባ አይግባ አላውቅም። እኛ አመዳችንን እንጨምር።»

እያለቀሰች ሳቀች። የማታውን መድኃኒት በሰዓቱ ወሰደች። ደሙ በማግስቱ ቆመ። መቆሙንም ምልክት ነው ብለው አልተነጋገሩበትም። ይህ ከሁሉ የከበዳቸው ነገር እንደነበር አናቢው ነግሮኛል።

የደም ምርመራው ቀን ጠዋት አናቢው ቀፎውን ሊሰናበት ወደ ጓሮ ወጣ። ከቀፎው ደጅ፣ መሬት ላይ፣ የተበጣጠሰ ክር ወድቆ አገኘ። ንቦች ሰፈፉን በሰማቸው ካጣበቁት በኋላ የማያስፈልጋቸውን ክር በአፋቸው እየቆረጡ ጎትተው ይጥሉታል። አናቢ ሰፈፉ መያዙን ሳይከፍት የሚያውቀው በዚህ ነው። ክሩን በመዳፉ ይዞ ሮጦ መጣ። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

«ምን ይዘሃል?» አለችው።

«ክር።»

የአናቢ ሚስት ናትና ነገሩ ገባት። ክሩን ከመዳፉ አንሥታ አየችው።

«እሰይ፣ ደስ ይበላቸው» አለች። «ይህ ግን የእነሱ ነው። የእኔን ደሜ ይናገራል። በል ና፣ መኪናው እንዳያመልጠን።»

ያን ዕለት ወደ ማታ ሲመለሱ እኔ አጥሬ ሥር ጓዜን እየጠቀለልኩ ነበር። በማግስቱ ወደ ሴት ልጄ አገር ልሄድ ተነሥቼ ነበርና። አናቢው በአጥሩ ላይ አጎንብሶ ሁሉንም ነገረኝ። ደሟ ውስጥ የእርግዝና ምልክት ተገኝቷል። ነገር ግን መጠኑ ማደግ አለበት፤ ከሁለት ቀን በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ ሳምንታት ቆይቶ ጽንሱ የማህፀንን ውስጥ በሚያሳየው መሣሪያ ይታያል። መድኃኒቱም ይቀጥላል።

«እንግዲያው ይዟል በለኛ!» አልኩት፤ መቸኮሌ ነው።

አናቢው ወደ ሚስቱ ዞር አለ። መልሱን እሷ ሰጠችኝ።

«አባባ፣ ለዛሬ ይዟል» አለች።

እነሱን ያየሁበት የመጨረሻው ቀን ያ ነው። ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን አልሰማሁም። ወለዱ ብዬ እንዳላስደስትህ አላውቅም፤ አልሆነም ብዬም አላስፈራህም።

እንግዲህ ልጄ፣ ምን እንጠብቅ ብለሃልና ስማኝ። ሕመም ቢመጣ ይምጣ፤ ቢቀር ይቅር፤ ጠብታ ደም ብታዩ ደውሉና የሚሏችሁን አድርጉ። ከእነዚህ አንዱም እርግጡን አይነግራችሁም። ሚስትህን ቀፎ ናት አላልኩህም፤ እሷ ከአንተ ጋር የቆመች አናቢ ናት። የተዘጋው ቀፎ እነዚህ ቀናት ናቸው። የተሰጣችሁ ክር መድኃኒቱ ነው፤ እሱን አጥብቃችሁ ያዙ። ማጣበቁ ግን በክዳኑ ሥር በጨለማ የሚሠራ ሥራ ነው፤ የአንተም የእሷም እጅ የለበትም። ስለዚህ ካልያዘ እሷ ስለተራመደች አይደለም፣ አንተም ስላልጸለይክ አይደለም፤ ይህን ከአሁኑ ንገራት።

በል ተነሥ፣ ቤትህ ግባ። ደጃፍ ላይ ቆመህ ፊቷን አትመርምር። ምሳ በልታ እንደሆነ ብቻ ጠይቃት።