ሦስት ቅስት ያለው ድልድይ

አንድ ጊዜ ዝግባ በር በምትባል፣ ከኮረብታ ሥር በተቆረቆረች ከተማ፣ ከወፍጮ ቤት ዱቄት የሚያመላልስ አህያ ነበር። ነጂ አልነበረውም። ባለቤቱ ወይዘሮ ብርቄ ጆንያውን ይጭኑና ጀርባውን መታ አድርገው «በል ሂድ፣ የኔ ጌታ» ይሉታል። እሱም ብቻውን ሄዶ ከደንበኛው ደጃፍ ይቆማል፤ ጭነቱ ሲራገፍለት ብቻውን ይመለሳል። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቤት አልተሳሳተም። ቤቶቹን የሚያውቃቸው ግን በደጃፋቸው ድንጋይ ነበር፤ ጭነቱ አንገቱን ወደ መሬት ይደፋዋል። ባዶውን ሲመለስም ልማዱ አይለቀውም፤ አቀርቅሮ ነው የሚሄደው።

ቀና የሚለው አመሻሽ ላይ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ከአጥሩ አጠገብ ቆሞ፣ ሁለት ጆሮዎቹን አቁሞ፣ መንገዱ ኮረብታውን አልፎ የሚጠፋበትን ቦታ ያያል። ከማዶ ምን እንዳለ የነገረው የለም። ገለባው ፊቱ ተቀምጦ ሳይበላ የሚቀርበት ቀን ነበር።

አንድ ቀን ከከተማው ዳር ባለው የመጨረሻ ቤት ጭነቱን አራግፈውለት ሊመለስ ሲል፣ ከቁጥቋጦ ውስጥ ቀበሮ ወጣች።

«እንደምን ዋልክ፣ ወንድም አህያ? ዛሬም ኮረብታውን ስታይ ልታመሽ ነው?»

«ከማዶው ምን አለ?» አላት።

ቀበሮዋ ከዝግባ በር ሌላ ከተማ አይታ አታውቅም። ዶሮ ልትሰርቅ ስትመጣ ግን ኮረብታው ላይ ተቀምጣ ከተማዋን በደንብ ታጠናት ነበር። ስለዚህ ያየችውን ተናገረች።

«ከተማ አለች። እንዴት ያለች ከተማ! በዙሪያዋ አራት ትልልቅ ዝግባዎች ቆመዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት የቤቶቿ ቆርቆሮ እንደ ሐይቅ ይብለጨለጫል። በመካከሏ ወንዝ አለ፤ በወንዙ ላይ ሦስት ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ። በቅስቶቹ ሥር ነጫጭ ወፎች ይኖራሉ።»

አህያው ምራቁን ዋጠ። «እኛም ጋ ድልድይ አለ። አራት የላሉ ድንጋዮች አሉት እንጂ ወፍ የለውም።»

«ምስኪን! ና፣ ላሳይህ።»

ያልነገረችው ነገር ቢኖር፣ ከኮረብታው ጀርባ ባለው ፈፋ ውስጥ አያ ጅቦ ከጠዋት ጀምሮ አድፍጦ እንደሚጠብቅ ነው። ስምምነታቸው ግልጽ ነበር፤ እሷ ታመጣለች፣ እሱ ይገድላል፣ ጉበቱ የእሷ ነው። ጅቡ የታዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም እንዲል።

አህያው ወደ ወፍጮ ቤት መመለሱን ትቶ ፊቱን ወደ ዳገቱ አዞረ።

ጫፉ ላይ ሊደርሱ ሲሉ ከታች የወፍጮው ድምፅ ተሰማ፤ ኩት፣ ኩት፣ ኩት። ስምንት ዓመት ወደዚያ ድምፅ ሲመለስ ኖሯል፤ አሁንም እግሩ ሳያስበው ዞረ።

«ምን ሆነሃል? ደረስን እኮ!» አለች ቀበሮዋ።

አህያው አልተንቀሳቀሰም። ታች ያለው ሁሉ ወለል ብሎ ይታየው ነበር።

«ዝግባዎቹ ስንት ናቸው ያልሽኝ?»

«አራት።»

ቆጠረ። «የድልድዩ ቅስትስ?»

«ሦስት አልኩህ፤ አታድርቀኝ!»

ቆጠረ። ከመካከለኛው ቅስት ሥር ነጭ ነገር ብድግ ብሎ በረረ። በዚያ ድልድይ ላይ በቀን ዐሥር ጊዜ ያልፋል፤ ሥሩን ግን አይቶት አያውቅም። ለዓመታት ሲናፍቃት የኖረች ከተማ፣ አቀርቅሮ የሚመላለስባት ነበረች።

«እመት ቀበሮ፣ እዚህ ታች የሌለ አንድ ነገር ንገሪኝ። አንድ ብቻ። ከዚያ እከተልሻለሁ።»

ቀበሮዋ አፏን ከፈተች።

በዚህ መካከል ከፈፋው ውስጥ ጎርናና ድምፅ ወጣ። «እመት ቀበሮ! ዝም ማለቴን ልተው ወይስ ገና ነው?»

አህያው ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። ቀበሮዋን በኋላ እግሩ ጎኗን ብሏት ቁልቁል ሮጠ። ጅቡ ከፈፋው ተፍጨርጭሮ እስኪወጣ ድረስ ግማሽ መንገድ ቀድሞታል። ያም ሆኖ ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች ሲደርስ የጭራው ጫፍ በጅቡ ጥርስ መካከል ቀረ። ያን ጊዜ የመንደሩ ውሾች ግር ብለው ወጡ፤ ጅቡም ወደ መጣበት ተመለሰ።

«ቆይ ግን» አለ ጅቡ፣ ፀጉሩን ከአፉ እየተፋ፣ «ያቺ አራት ዝግባዎች ያሉባት ከተማ በየት በኩል ናት? ለምን እኛ አንሄድም?»

«በዚያው በኩል ናት» አለችው ቀበሮዋ፣ የተመታ ጎኗን እየላሰች። «ውሾቹን ሰላም በልልኝ።»

አህያው ዛሬም አመሻሽ ላይ ኮረብታውን ያያል። ከማዶው ያለውን አሁንም አያውቅም፤ ማየት መፈለጉም አልቀረም። ነገር ግን ድልድዩ ላይ ሲደርስ ጭነቱን እንደተሸከመ ይቆማል፤ አንገቱን በጠርዙ በኩል አሳልፎ ወፎቹ እስኪወጡ ይጠብቃል። ደንበኞች ዱቄቱ እየዘገየ ነው ብለው ወይዘሮ ብርቄ ላይ ያጉረመርማሉ።

ከዚህ የምንማረው የሚኖርባትን ከተማ ቀና ብሎ ያላየ፣ የገዛ ከተማውን ውበት የሌላ አገር አስመስሎ በሚነግረው አታላይ እየተመራ ከሞት አፋፍ ሊደርስ እንደሚችል ነው።